ተጓዥ እንጂ ጓዝ አትሁን

በግዕዝ ቋንቋ «ነገደ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው ሸቀጥ ይዞ መሄድ ነው፤ ሁለተኛው ቅዱስ ቦታ ለመሳለም መሄድ ነው። ስለዚህ ነጋዴ የምንለው ሰውና ንግደት የምንለው መንፈሳዊ ጉዞ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። አባቶቻችን ወደ ሩቅ አገር ለመሳለም ሲሄዱ ከሲራራ ነጋዴ ጋር ይጓዙ ስለ ነበር ቃሉ አንድ መሆኑ አያስደንቅም። መንገዳቸው አንድ ቢሆንም ልባቸው ግን ሁለት ነበር፤ ነጋዴው ትርፉን ሲያሰላ ተሳላሚው ኃጢአቱን ያሰላ ነበር። በዛሬው ዘመን እነዚህ ሁለት ልቦች ተመልሰው አንድ እየሆኑ መምጣታቸውን ስላየሁ፥ ይህን ጥቂት ቃል ለእናንተ ለወጣቶች መጻፍ ግዴታዬ ሆኖ ተሰማኝ። በጽሑፉ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ ሮም፥ ወደ አሲዚ፥ ወደ ሲዬና፥ ወደ ፍሎረንስ፥ ወደ ፓዶቫ፥ በአስጎብኚ እየተመሩ የሚደረግ የካቶሊካውያን መንፈሳዊ ጉዞ አለ። ልማዱ የቆየ ነው፤ በ1300 ጳጳሱ ቦኒፋስዮስ 8ኛ የኢዮቤልዩ ዓመት ባወጁ ጊዜ ከአውሮፓ ማዕዘን ሁሉ ሕዝብ ወደ ሮም ጎርፎ ነበር። በ2025 በተከበረው ኢዮቤልዩም ከዓለም ዙሪያ የመጣ ሕዝብ በቅዱሱ በር አልፏል። ከአገራችን ምእመናንና በውጭ አገር ከሚኖሩት ወገኖቻችንም ይህን ዕድል የሚያገኙ አሉ። እስከዚህ ድረስ የሚነቀፍ ነገር የለም።

የሚነቀፈው አኳኋኑ ነው። ጉዞው ስምንት ወይም ዐሥር ቀን ይሆናል። ዋጋው አስቀድሞ ይከፈላል፤ በዋጋውም ውስጥ አውሮፕላኑ፥ አውቶቡሱ፥ ሆቴሉ፥ ቁርሱና እራቱ፥ ቅዳሴውም ሳይቀር በሰዓት ተመድቦ ይገባል። አስጎብኚው ትንሽ ባንዲራ ወይም የታጠፈ ጃንጥላ ከፍ አድርጎ ይቀድማል፤ ሕዝቡ ማዳመጫ በጆሮው ሰክቶ ይከተላል። «ወደ ቀኝ ተመልከቱ» ሲባል ወደ ቀኝ፥ «ወደ ግራ» ሲባል ወደ ግራ ይዞራል። በአሲዚ የቅዱስ ፍራንቸስኮስን መቃብር ለማየት አርባ ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ዕቃ ለመግዛት ግን አንድ ሰዓት። ፍራንቸስኮስ ማን ነበር? የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ሆኖ ተወልዶ የአባቱን ሀብት የናቀ፥ የለበሰውን ልብስ እንኳ አውልቆ ለአባቱ የመለሰ ሰው ነው። ዛሬ ወደ መቃብሩ የሚያደርሰው መንገድ በግራና በቀኝ በሱቅ ተሞልቶ የእርሱ ሐውልት በሦስት ዓይነት መጠን ይሸጣል። ተሳላሚው ከሱቁ ወጥቶ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ከዚያም አውቶቡሱ ጡሩምባውን ይነፋል።

ለእንዲህ ያለው ሰው ስም ማውጣት ቢያስፈልግ ከቋንቋችን ሌላ ቃል አያሻም። ተጓዥና ጓዝ የተባሉት ሁለት ቃላት እኅትማማቾች ናቸው። ተጓዥ የሚሄደው ነው፤ ጓዝ የሚወሰደው ነው። ጓዝ ባሕር ይሻገራል፥ ከተማ ከከተማ ይለውጣል፥ በሰላምም ይመለሳል፤ ነገር ግን አንድ ነገር አላየም፥ አንድ ነገርም አልተማረም። እኔም የምለው ይህን ነው፤ ልቡን ለመሪው አስረክቦ የሚሄድ ሰው ተጓዥ ሳይሆን ጓዝ ነው።

አንባቢው እንዳይሳሳት አስቀድሜ ላስጠንቅቅ። ነቀፌታዬ በካቶሊካውያን ላይ አይደለም። ሮም ለካቶሊካዊው የጴጥሮስና የጳውሎስ መቃብር ያለባት ከተማ ናት፤ ኦርቶዶክሳዊው ኢየሩሳሌምን፥ ሙስሊሙም መካን እንደሚናፍቅ ሁሉ እርሱም ሮምን ቢናፍቅ ተገቢ ነው። የምናገርለትም በሽታ የሁሉንም ቤት ደጃፍ የሚያንኳኳ ነው። ነቀፌታዬ በአስጎብኚም ላይ አይደለም። ቋንቋ ለማያውቅ፥ ጉልበቱ ለደከመ፥ በባዕድ ከተማ መንገድ ለሚጠፋው ሰው መሪ ያስፈልገዋል። በ4ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ላይ ኤጌርያ የምትባል ሴት ከምዕራብ አገር ተነሥታ ሲናንና ኢየሩሳሌምን ተሳልማለች፤ የጉዞዋም ጽሑፍ ለብዙ ዘመን ተሰውሮ ኖሮ በ1884 በኢጣልያ ከተማ በአሬዞ ተገኘ። እርሷም በየስፍራው መነኰሳትና ጳጳሳት እየመሩ አሳይተዋታል። ነገር ግን በደረሰችበት ሁሉ ትጠይቃለች፤ ለቦታው የሚስማማውን የመጽሐፍ ክፍል እዚያው ታስነብባለች፤ ያየችውንም በአገሯ ለቀሩት እኅቶቿ ትጽፍላቸዋለች። እንግዲህ መመራት ሌላ፥ መጎተት ሌላ መሆኑን ከዚህች ሴት እንማር።

የዚህ ጉዞ ወዳጆች ሦስት መልስ ይሰጡኛል። ሦስቱንም በየተራ ልመርምር።

የመጀመሪያው መልስ «እኛ አላዋቂዎች ነን፤ አስጎብኚው ያውቃል፤ እርሱ ያሳየን» የሚል ነው። እርግጥ አስጎብኚው ያውቃል፤ ነገር ግን የሚያውቀው ለሁሉ የሚነገረውን ነው። ለአንተ ለኢትዮጵያዊው የሚገባውን ሊያውቅልህ አይችልም። ምሳሌ ልስጥ። በሮም በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን መካከለኛው በር ፊላሬቴ በሚባል ቀራጺ በነሐስ የተሠራ ነው፤ ሥራው ያለቀው በ1445 ነው። በዚያ በር ላይ ከተቀረጹት ሥዕሎች መካከል የኢትዮጵያ መነኰሳት አሉበት። እነዚህ ሰዎች በ1441 ከኢየሩሳሌም ገዳማችን ተልከው ፍሎረንስ ላይ በተሰበሰበው ጉባኤ የተገኙ፥ ከዚያም ወደ ሮም የሄዱ ናቸው። ዘመኑ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነበረ። አውሮፓውያን የኢትዮጵያን ንጉሥ «ቄስ ዮሐንስ» እያሉ መጥራት ለምደው ነበርና መልእክተኞቹ ንጉሣቸው እንዲህ ያለ ስም እንደሌለው ለማስረዳት ብዙ ተቸግረው እንደ ነበር ይነገራል። ተመልከቱ! እነዚያ እንግዶች መሪያቸው በተሳሳተ ጊዜ አርመውታል። የዛሬው ተሳላሚ ግን በዚያው በር አጠገብ ተሰልፎ ሲያልፍ የገዛ አባቶቹ ምስል ከነሐስ ውስጥ እያየው እርሱ ግን ባንዲራዋን ይመለከታል። አስጎብኚው አልነገረውምና። እርሱም አልጠየቀምና።

ሁለተኛው መልስ «ጊዜው አጭር፥ ከተማው ብዙ ነው፤ ሁሉንም በጥቂት በጥቂቱ ማየት ይሻላል» የሚል ነው። ይህ የገበያ ሒሳብ ነው። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ እስከ ዛሬም «የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ» ይባላል። ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሮምን ሊሳለሙ የሚመጡ ኢትዮጵያውያን ማረፊያቸው ይህ ቦታ ነበረ። እዚያ ያረፉት አባቶች ብዙ ከተማ አልቈጠሩም፤ ነገር ግን በአንዲቱ ከተማ የሠሩትን እዩ። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ከእነርሱ ግዕዝ ተምሮ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በሮም አሳተመ፤ በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። ከደብረ ሊባኖስ የመጡት አባ ተስፋ ጽዮን ከባልንጀሮቻቸው ጋር ደክመው በ1548ና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። አታሚዎቹ ፊደላችንን አያነቡም፥ መነኰሳቱም የኅትመት ሥራ አያውቁም ነበር፤ ስለዚህ ለተገኘው ስሕተት አንባቢውን ይቅርታ ለምነዋል። እንዲህ ያለው መደጋገፍ እንዴት ደስ ያሰኛል! የአማራው ሰው አባ ጎርጎርዮስም በ1649 በሮም ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተዋወቁ፤ በ1652 ወደ ጀርመን አገር ወደ ጎታ ከተማ ሄደው ቋንቋችንንና ታሪካችንን አስተማሩት። ሉዶልፍ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የተመሠረተው በእኚህ ሰው ትምህርት ላይ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ግን ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ በ1658 መርከባቸው ተሰብሮ ባሕር ውስጥ ቀሩ።

«እኛ የእነርሱን ያህል ዓመት ልንቀመጥ አንችልም» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ሥራና ቤተ ሰብ ያለው ሰው ስምንት ቀን ማግኘቱም ዕድል ነው። ነገር ግን ስምንት ቀን ካለህ ሰባት ከተማ ለምን ትቈጥራለህ? አንዲቱን ከተማ እወቃት። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሦስት ሰዓት ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ሃያ አብያተ ክርስቲያናትን ሮጦ ከጎበኘው ይበልጥ አይቷል። በመጽሐፍም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ሃያ ሽፋን ያየ ተማሪ አንድ መጽሐፍ ካነበበው ጋር አይተካከልም።

ሦስተኛው መልስ «ቦታውን መርገጥ ብቻውን በረከት ነው» የሚል ነው። ይህን የሚሉትን ሰዎች ልባቸውን አከብራለሁ፤ ቃላቸውን ግን አልቀበልም። መርገጥ ብቻውን የሚያጸድቅ ቢሆን ኖሮ በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ቀኑን ሙሉ የምትመላለሰው ርግብ ከሁላችን በፊት በጸደቀች ነበር። ሰው ከርግብ የሚለየው ጥያቄ ይዞ በመሄዱ ነው። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጥ ምስክር ከራሳችን አገር አለኝ።

በ1841 የሰሜንና የትግራይ ገዢ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ አዲስ ጳጳስ ከግብፅ ለማስመጣት መልእክተኞች ላኩ። ኢጣልያዊው ሚሲዮናዊ አባ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ እንዲመሩዋቸው ተለመኑ፤ እርሳቸውም ጉዞው እስከ ሮም እንዲቀጥል ጠይቀው እሺ አሉ። እነሆ፥ በአገራችን ታሪክ ውስጥ በመሪ የተደረገ የካቶሊክ ጉዞ ይህ ነው፤ ካይሮን አዩ፥ በሮም ጳጳሱ ጎርጎርዮስ 16ኛ ተቀበሏቸው፥ ኢየሩሳሌምንም ተሳለሙ። ከመልእክተኞቹ አንዱ የጎጃሙ ሰው አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን ያጡ መነኵሴ ናቸው። ፎቶግራፍ ማንሻ አልነበራቸውም፤ በአንድ ዓይን ግን ብዙ አዩ። ምክንያቱም ከመነሣታቸው በፊት በገዳማትና በጎንደር ለብዙ ዓመታት ተምረው፥ በጊዜው ሊቃውንቱን ስለከፋፈለው ስለ ክርስቶስ ምሥጢር አንድ ጥያቄ በልባቸው ቋጥረው ነበርና።

ይኸን ልብ በሉ። መሪያቸው ካቶሊካዊ ቄስ ነበሩ፤ ሮምም ለዓይን የምታስደንቅ ከተማ ናት። አባ ገብረ ሚካኤል ግን በሮም አደባባይ ተደንቀው ልባቸውን አላስረከቡም። ወደ አገር ተመልሰው መረመሩ፥ ጠየቁ፥ ተከራከሩ፤ ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የገቡት በ1844 ነው። ስለዚህም ብዙ መከራ ተቀብለው በ1855 በሰንሰለት እንደ ታሠሩ ሞቱ። ቤተ ክርስቲያናቸው በ1926 ብፁዕ ብላ ሰይማቸዋለች። ውሳኔያቸውን ብትወድ ወይም ባትወድ የአንተ ፈንታ ነው፤ በዚህ በእኛ አገር፥ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ስለ ሮም ሃይማኖት የፈሰሰው ደም ገና ከሽማግሌዎች ወሬ ያልወጣ በመሆኑ፥ ብዙ ሰው እንደማይወደው አውቃለሁ። ነገር ግን ውሳኔው የራሳቸው እንጂ የመሪያቸው እንዳልነበረ ማንም ሊክድ አይችልም። ተጓዥ ማለት ይህ ነው።

አሁን ደግሞ ከሮም ወደ ቤታችን ልመልሳችሁ። እኛ የምንኖረው በደብረ ታቦር አካባቢ፥ በጉና ተራራ ግርጌ ነው። የከተማችን ስም ራሱ ከሩቅ አገር የመጣ ነው፤ በገሊላ ያለው የታቦር ተራራ ስም ነው። በዚያ ተራራ ላይ በ1924 የተፈጸመ ትልቅ የፍራንቸስካውያን ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የካቶሊክ ተሳላሚዎችም በየዓመቱ ይጎበኙታል። የገሊላው ታቦር ቁመቱ ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር አይሞላም። የእኛዋ ከተማ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ ጉና ደግሞ 4,000 ሜትር ያልፋል። ይህን የምነግራችሁ እንድትታበዩ አይደለም። በአስተማሪነት ዘመኔ «ከተማችን ደብረ ታቦር የተባለችው ለምንድር ነው?» ብዬ ስጠይቅ ችቦ አብርቶ፥ ጅራፍ አጩኾ፥ ሙልሙል በልቶ ቡሄን ያከበረው ልጅ ሁሉ አንገቱን ይደፋ ነበር። የበዓሉን ዳቦ ያውቃል፤ የበዓሉን ምክንያት አያውቅም። እንዲህ ያለው ልጅ አድጎ ወደ ገሊላ ቢወሰድ ምን ያያል? ድንጋይና ዛፍ ያያል። ድንጋይና ዛፍ ደግሞ ጉና ላይም አለ። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

የታቦር ታሪክ ሌላም ትምህርት አለው። ጴጥሮስ በተራራው ላይ ያን ብርሃን ባየ ጊዜ ከዚያ መውረድ አልፈለገም፤ ዳስ ሠርቶ እዚያው ለመኖር ተመኘ። ጌታ ግን ይዞት ወረደ። ከተራራው በታች ምን ቆይቶ ነበር? የታመመ ልጁን ይዞ የሚያለቅስ አባት። ንግደት ሁሉ የሚፈተነው በተራራው ራስ ላይ አይደለም፤ በተራራው ግርጌ ነው። ከሮም ወይም ከኢየሩሳሌም የተመለሰ ሰው ጎረቤቱን «አንተ የት ታውቃለህ!» እያለ ቢኰራበት፥ በልቅሶ ቤትና በሰንበቴ ያየውን ከተማ ብቻ ቢቈጥር፥ የታመመውን ግን ባይጠይቅ፥ ከተራራው ገና አልወረደም። ይልቁንም ለጉዞው ሲል ቤተ ሰቡን ዕዳ ውስጥ ጥሎ፥ የእርሻ በሬ አሽጦ የሄደ እንደ ሆነ፥ የተሳለመው ቅዱስ ራሱ ይታዘበዋል።

እንግዲህ ወጣት ሆይ፥ አንድ ቀን እንዲህ ያለው ዕድል ቢደርስህ ሦስት ነገር አስብ። አስቀድመህ ተማር፤ የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላልና ልብህ የሚናፍቀውን ነገር ለይተህ እወቅ፤ በእግርህ ከመሄድህ በፊት በመጽሐፍ ሂድ፥ በመንደርህ ያለውንም ገዳም አስቀድመህ ተሳለም። በመንገድ ላይ ጠይቅ፤ መሪህን በትሕትና ስማው፥ ነገር ግን ከማዳመጫው ውስጥ የሚመጣው ድምፅ የኅሊናህን ድምፅ እንዳይሸፍነው ማዳመጫውን አንዳንድ ጊዜ ከጆሮህ ንቀል። ስትመለስ ስጥ፤ ያየኸውን ጻፍ፥ ለልጆች አስተምር፥ ከገንዘብህም ከጊዜህም ለድሃ አካፍል። አባ ተስፋ ጽዮን ከሮም የላኩልን የሸክላ ሐውልት አይደለም፤ መጽሐፍ ነው።

«ለአንድ ጉዞ ይህ ሁሉ ነገር ምን ያደርጋል?» የሚለኝ ቢኖር መልሴ አጭር ነው። ሰው በትንሹ ነገር የለመደውን በትልቁ ይደግመዋል። በቅዱስ ቦታ እንኳ ሳይጠይቅ ባንዲራ የተከተለ ሰው ነገ ሌላ ባንዲራ ያነሣውን ሁሉ ሳይጠይቅ ይከተላል። ወዴት እንደሚወስዱት አይጠይቅም፤ ሲያደርሱት ብቻ ያያል። በዚህ በእኛ ዘመን፥ በዚህ በእኛ አገር፥ ሳይጠይቁ መከተል ስንት ቤት እንደ ዘጋ፥ ስንት እናት እንዳስለቀሰ ከእኔ ይልቅ እናንተ በዓይናችሁ አይታችኋል። ስለዚህ ነገሩ የሮም ጉዳይ ብቻ አይደለም።

እግዚአብሔር ለሰው እግርን የሰጠው እንዲሄድበት ነው፤ ልቡናን የሰጠው ግን ወዴት እንደሚሄድ እንዲያውቅበት ነው። እግርህን ለመሪ ብታውስ አይጎዳህም፤ ሲመሽ ይመልስልሃል። ልቡናህን ግን ለማንም አታውስ።